ሃያ ጥያቄ በአንድ ግስ

አስመራ፣ ሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ሃያውም ጥያቄ በአንድ ግስ ላይ ነው። «ጌት»። እንግሊዞች ሲያገኙም፣ ሲነሡም፣ ሲያገቡም፣ ሲያመልጡም በዚችው አንዲት ቃል ነው። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ቀን ተቀምጬ አዘጋጀሁት። ዛሬ የክፍሌን ስድስት ሠራተኞች ፈተንኩ። መልስ በአማርኛ፣ በአንድ ቃል ወይም በሁለት፤ ትግርኛ ክልክል። ትግርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። እኔ አማርኛን የተማርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ነው፤ በዲግሪ ተመልሻለሁ። እነሱን ማን ያዛቸው?

ከአሥር በታች ያመጣ ከውጭ ደብዳቤዎች ክፍል ወጥቶ ዓኽርያ ሰፈር ወዳለው ዕቃ ቤታችን ይወርዳል። ጆንያ ሲወጣና ሲገባ ይቆማል። ሐሳቡን ለዋናው ሹም ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ፈተናው ለተኽለ ነው። ተኽለ አስተርጓሚያችን ነው። እኩያዬ ነው። ትምህርቱ የጣልያን አራተኛ ክፍል ነው፤ አማርኛውን አሁን በስተርጅና በማታ ትምህርት ለቃቀመ፤ እንግሊዝኛውን በእንግሊዞች ጊዜ የመኮንኖች ማኪና ሲነዳ በጆሮው ያዘው። ባለፈው ወር አንድ እንግሊዛዊ የቆዳ ነጋዴ መጥቶ «ዶንት ጌት ሚ ሮንግ» አለኝ። ተሳስተሃል ያለኝ መስሎኝ ጮኽኩበት። ተኽለ ጎንበስ ብሎ፣ «በክፉ አይዩብኝ ማለቱ ነው፣ ጎይታይ» አለኝ፣ ጌታዬ እንደ ማለት። ሰው ሁሉ እየሰማ። እንግሊዙ ሳቀ። ታይፒስቷ ለተብርሃን ሳቀች። ተኽለ አልሳቀም፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 10

የአምስቱን አረምኩ። ሸምድደዋል። መልሳቸውን እንደ ዳዊት ደግመውታል፤ ከአሥራ ሁለት በታች ያመጣ የለም። የተኽለን ወረቀት ለብቻው አስቀመጥኩት።

ከተራ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቢሮ የለም። ለተብርሃን ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ሓለቓይ፣ አቦይ ተኽለ ስንት አመጡ?» አለችኝ።

አላየሁም አልኳት።

«አላዩም ወይስ ፈሩ?»

የዚች ልጅ ምላስ መቀስ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ባለቤቴ ታቦት ልትሸኝ ሄዳለች። ሰፈራችን ገጀረት ጭር ብሏል። የተኽለን ወረቀት ከፈትኩ።

አንድም ትርጉም አልጻፈም። በየጥያቄው ሥር ቃሉን ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው ጽፏል።

2ኛ። «ጌት አፕ»። መልሱ «መነሣት» ነው። የእሱ፦ «አንድ ሻምበል ያለኝ። ከረን መንገድ። ማኪና ሥር ተኝቼ ብሎን ስፈታ ጫማውን ሆዴ ላይ አደረገ።»

6ኛ። «ጌት ዘ ዶክተር»። መልሱ «መጥራት»። የእሱ፦ «የሻምበሉ ሚስት። ሕፃኑ በትኩሳት ሲቃጠል። እስከ ጸጸራት ሰፈር ሮጥኩ። ሐኪም መጣ። ያን ቀን ስሜን ጠየቀችኝ።»

9ኛ። «ጌት ማሪድ»። ማግባት። የእሱ፦ «ይኽን አባቴ በትግርኛ ነው ያዘዘኝ። እንግሊዝ የለበትም።»

13ኛ። «ጌት አዌይ ዊዝ ኢት»። ሳይቀጡ ማምለጥ። የእሱ፦ «አንድ ወታደር ስለ ጓደኛው። ጓደኛው በማኪና ሰው ገድሎ ነበር። እየሳቀ ነው ያለው። የሟቹ እናት ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። አልተረጎምኩላትም።»

20ኛ። «ዩ ዊል ጌት ዩዝድ ቱ ኢት»። መልመድ። ባዶ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጻፋቸው አሥራ ዘጠኙ ውስጥ አንዱን እንኳ አልሳተም። እኔ 13ኛውን ለማግኘት ሦስት መዝገበ ቃላት ገልብጫለሁ።

የተጠየቀው ግን ትርጉም ነው። ከሃያ ዜሮ። በቀይ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

ቢሮ ዝግ ነው። ምሳ ላይ የሟቹ እናት ትዝ አለችኝ። የማላውቃት ሴት! ትሪውን ገፋሁት። ባለቤቴ፣ «በዓል አይደለም እንዴ? ምን ሆንክ?» አለች። ሥራ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ጥር 13

ውጤት ለጠፍኩ። ተኽለ መነጽሩን አደረገ፣ አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ለተብርሃን ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አይ አቦይ ተኽለ! ሃያ ጊዜ መሳት ቀላል ሥራ አይደለም። ዕውር እንኳ ቢወረውር አንዱን ይመታ ነበር» አለች። ለእሱ አልነበረም የተናገረችው። ሌሎቹ አቀረቀሩ።

ጠራሁት። ሃያኛውን ለምን ተውከው አልኩት።

«ማንም አላለኝማ፣ ጎይታይ።»

«አታውቀውም ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። ሲባል የሰማሁት ለሌላ ሰው ነው። የሌላ ሰው ቃል ወስጄ እንዴት እጽፋለሁ?»

አስወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ጠዋት የዝውውሩን ደብዳቤ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያስኬደ።

«ጎይታይ፣ ዕቃ ቤቱ አቧራ ነው። የኔ ደረት…» አለ።

የደረቱን ነገር አውቃለሁ። ክረምቱን በሙሉ ሳሉ ከግድግዳ ወዲያ ይሰማኝ ነበር። «ትለምደዋለህ» አልኩት፣ የያዝኩትን ፋይል እያየሁ።

ከዚያ፣ «የፈተና ወረቀቴ እዚህ አለ?» አለ። ሰጠሁት፤ ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም። እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው አንሥቶ ቆሞ ጻፈ። ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «የቐንየለይ» ብሎ አመስግኖኝ ወጣ።

ሃያኛው ሥር እንዲህ ይላል፦ «አለቃዬ። አስመራ፣ ጥር 14፣ ቅዳሜ። ቀና ብሎ አላየኝም።»

ወረቀቱ ከደብዳቤው ጋር ማኅደር መግባት አለበት። ዋናው ሹም ሰኞ ይፈርምበታል። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ አማርኛ ግን ያነባል። ስለዚህ ወረቀቱን ቤት ይዤው መጣሁ። የተኽለን የእጅ ጽሑፍ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ በእሱ ምትክ ሃያ የተሳሳተ መልስ ጽፌ ላስገባ እችላለሁ።

ከምሳ ጀምሮ ተቀምጫለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ስሕተት ሳርም እንጂ ስጽፍ አልኖርኩም። እስካሁን የጻፍኩት ስሙን ብቻ ነው።