የግልገል ስኩዊዶችን ውኃ ጠባቂ እትዬ ባልዲን በሞት ስለማጣታችን

የባህር ሕይወት ምርምር ጣቢያችን በገንዳ ክፍል ለሠላሳ አንድ ዓመታት ያገለገሉትን፣ በሁላችንም ዘንድ እትዬ ባልዲ በመባል የሚታወቁትን አንጋፋ ባልደረባችንን ባለፈው ረቡዕ ማለዳ በሞት ማጣቱን ለሠራተኞቹ፣ ለተባባሪ ተመራማሪዎችና ለወዳጆቹ ሁሉ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸው ነበር። ሐዘናችን ለወግ ያህል የተጻፈ አይደለም፤ ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ አንጀታችን አሯል።

ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው በተቀጠሩበት ቀን የተረከቧትን ሰማያዊ ባልዲ ከእጃቸው ስለማይለዩ ነው። እርሳቸውም አልተቀየሙበትም። «ዶክተር የሚባል አለ፣ ኢንጂነር የሚባል አለ፤ እኔስ ባልዲ ብባል ምን ይለኛል? ብቻ ባዶ ባልዲ እንዳትሉኝ!» ይሉ ነበር።

የዛሬውን የመስታወት ሕንፃ ብቻ የሚያውቁ ወጣት ባልደረቦቻችን አሮጌውን የገንዳ ክፍል አላዩትም። በጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ የነበረ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ የሆነ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። መስኮቱ አይገጥምም፤ ፓምፑ እንደ ሽማግሌ እያሳለ ይሠራል፤ በሩ ሥር የላስቲክ ቦት ጫማዎች በመጠን በመጠናቸው ይደረደራሉ። ጠዋት ቀድሞ የገባ ሰው እትዬ ባልዲን በገንዳው ከሚረቡት ስኩዊዶች ጋር ሲያወሩ ያገኛቸዋል። «እንዴት አደራችሁ?» የሚሉት በመጀመሪያ እነርሱን፣ ቀጥሎ እኛን ነበር። ያ ዘመን ይናፍቀናል፤ ይህን ለመናገር አናፍርም።

በአገልግሎታቸው በሦስተኛው ዓመት የስኩዊድ ርቢውን ሙሉ በሙሉ ተረከቡ። ጣቢያችን የሚያረባት ስኩዊድ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ በአፏ ዙሪያ ብዙ ክንዶች ያሏት ለስላሳ የባህር እንስሳ ስትሆን በሆዷ በኩል ብርሃን የሚሰጥ አካል አላት። ብርሃኑ የራሷ አይደለም፤ በዚያ አካል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሰጡት ነው። እነርሱ መኖሪያና ምግብ ያገኛሉ፤ እርሷ ደግሞ በጨረቃ ስትዋኝ ጥላዋን ከሥር ከሚያደቡ አዳኞች ትሰውርበታለች።

በዘጠነኛው ዓመት ጣቢያው አዲስ ውኃ ማጣሪያ አስገባ፤ ሪባን ተቆርጦ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ የተፈለፈሉ ግልገሎች አላበሩም። አምስት ወር ሙሉ ተመራማሪዎቻችን ምግቡን ጠረጠሩ፣ ሙቀቱን ጠረጠሩ፣ በኋላም እርስ በርሳቸው ተጠራጠሩ። ማጣሪያውን ግን ማንም አልጠረጠረም፤ ሪባን ተቆርጦለታልና። በተጨማሪም በገንዳ ግድግዳ ላይ ምንም ዓይነት ዝልግልግ ነገር እንዳይታይ የሚያዝ የንጽሕና መመሪያ ወጥቶ በየበሩ ተለጠፈ።

እትዬ ባልዲ ከማጣሪያው በፊት የተፈለፈሉት አሮጌ ስኩዊዶች የሚኖሩበትን የአንዱን ገንዳ ግድግዳ ሳይፍቁ ተዉት። አንድ ጠዋት ከዚያው ገንዳ ሁለት ጭልፋ ውኃ ቀድተው የግልገሎቹ ሳህን ውስጥ ጨመሩ። ይህንንም ያደረጉት በግምት አልነበረም። አሮጌዎቹ ስኩዊዶች በየንጋቱ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎቻቸውን ወደ ውኃው እንደሚተፉ ያውቃሉ፤ ግልገል ደግሞ ባክቴሪያው ሳይኖራት ነው የምትፈለፈለው፤ ከውኃው መቀበል አለባት። የእኛ አዲስ ውኃ ግን ከመጠን በላይ ንጹሕ ስለነበረ ግልገሎቹ የሚቀበሉት ባክቴሪያ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በፊት የንጽሕና ተቆጣጣሪው ደርሶባቸው «ያልተጣራ ውኃ ወደ ግልገሎች ሳህን በማስገባት መመሪያ ጥሰዋል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በማግስቱ ግልገሎቹ ብርሃን በሚለካበት ጨለማ ሳጥን ውስጥ ሲታዩ ሁሉም አበሩ። ተመራማሪዎቹ ተቃቀፉ። ማስጠንቀቂያውን ግን የቀደደው ሰው አልነበረም፤ ፋይላቸው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

በዐሥራ አራተኛው ዓመት ባክቴሪያዎቹ ወደ ስኩዊዷ እንዴት እንደሚገቡ ሲጠና፣ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ሳህን ላይ የተጨማደዱ የባክቴሪያ ክምችቶች ታዩ። ተመራማሪው ደርቀው የተበላሹ መስለውት ሊጥላቸው ሲል እትዬ ባልዲ እጁን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ የተጨማደደ ሁሉ አርጅቷል ያለህ ማነው? እኔን አታየኝም?» አሉት። ክምችቶቹ ሲመረመሩ የተጨማደዱት የሚጣበቁበትን ዝልግልግ ነገር አብዝተው ስለሚያወጡ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ በብርሃን አካሉ ደጃፍ ባለው ንፍጥ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ በዝልግልጉ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ የሚዘልቁት። ይህን ዝልግልግ መሥራት ያቃታቸው አብዛኞቹ ደጅ ይቀራሉ። ከገቡም በኋላ በቁጥር ካልበዙ አያበሩም። እትዬ ባልዲ ይህን ሲሰሙ «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም ማለት ይኸው ነው፤ ለዚህ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀባችሁ?» ብለው አሳቁን።

በሃያኛው ዓመት ሁለቱ ጭልፋ ውኃ የጣቢያው መደበኛ አሠራር ሆኖ በመመሪያ ተጻፈ። የማን ሐሳብ እንደነበረ አልተጻፈም።

ሟች ባልደረባችን ከመሥሪያ ቤታቸው የለመኑት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ማስጠንቀቂያ ከፋይላቸው እንዲወጣ። «ገንዳው ይቆሽሽ፤ እኔ ግን ፋይሌ ንጹሕ ሆኖ ልውጣ» ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር «እናየዋለን» አሉ። ሁለተኛው በጽሑፍ እንዲያመለክቱ አዘዙ፤ ማመልከቻው ጠፋ። የአሁኑ ዳይሬክተር በዚህ ወር መጀመሪያ ቢፈርሙም መዝገብ ቤት የዋናውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቁጥር ፈልጎ እስኪያገኝ ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ይዘው ነበር፤ ጠያቂ በሄደ ቁጥር «ደብዳቤዬስ?» ይሉ ነበር። ደብዳቤው ማክሰኞ ማታ ቁጥር ተጽፎበትና ማኅተም ተመትቶበት ወጣ፤ እርሳቸው ረቡዕ ማለዳ ዐረፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው በእኛ ደረሰ።

ሐሙስ ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊያችን ደብዳቤውን ለልጃቸው ለመምህርቷ አደረሱ። እርሷም ከሐዘንተኞቹ መካከል ተነሥታ ቆማ አነበበችው። «ጥፋቱ በይቅርታ ታልፏል» ይላል፤ ቅጹ ከድሮም እንዲህ ነው የሚለው። ወረቀቱን አጣጥፋ ለኃላፊያችን መልሳ ሰጠቻቸው። «እናቴ ይቅርታ አድርጉልኝ ብላ አታውቅም፤ ትክክል ነበርሽ በሉኝ ነው ያለችው» አለች። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ይዘው ተመለሱ።

ለባለቤታቸው፣ ያን የሚያስል ፓምፕ ስንት ጊዜ በነፃ ለጠገኑልንና በየምሽቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ለነበሩት የጀልባ ሞተር ባለሙያ፤ ለልጃቸው፤ ለገንዳ ክፍል ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ሥራ ለለመድን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

የጣቢያው ሥራ አመራር ዓርብ ዕለት ባደረገው ስብሰባ የማክሰኞውን ደብዳቤ ሽሯል። በምትኩ የሚከተለው ቃል በፋይላቸው እንዲገባና ለሕዝብም እንዲነገር ወስኗል፦ በዚያ በዘጠነኛው ዓመት ያጠፋው ጣቢያው ነው። እትዬ ባልዲ ትክክል ነበሩ።