አንድ ሳምንት ምን አላት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ ጠንክሯልና ምድጃው እንዳይጠፋብሽ አደራ። እኔ እህሉስ ይወርድልኛል፤ እንቅልፍ ግን ከወንድሜ ከመርል ቀብር ወዲህ ሸሽቶኛል። ሁለት በር አልፌ መጥቼ መንገር ሲገባኝ ወረቀት መያዜ አይግረምሽ፤ ፈሪነቴን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የኮሪን ነገር ነው። ኢንሹራንሱ ለባሏ ጀልባ አልከፍልም ብሏል። ውሉ ላይ ጥቅምት ሲያልቅ ጀልባ ሁሉ ከውኃ ይውጣ የሚል አንቀጽ አለ፤ መርል የሰጠመው ኅዳር ስድስት ነው። ካልከፈሏት ባንኩ ቤቱን ይወስድባታል፤ ያንቺን የልጅ ልጆች ይዛ የሰው ደጅ ልትጠና ነው።

ያንን አንቀጽ በዚህ መንደር ያከበረው ሰው የለም። ወጥመዱ በሎብስተር የሚሞላው ልክ በዚያ ሳምንት ስለሆነ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ወደቡ ላይ የኢንሹራንሱን ወኪል ያስቆምና በመኪናው መስኮት "ትንሽ ቀን ጨምርልኝ" ይላል። "አንድ ሳምንት ምን አላት? ሂድ!" ይባላል። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ካምፓኒው ይህን እያወቀ ስምንት ዓመት ዝም ብሎ ኖሯል።

የኮሪን ጠበቃ ወይዘሮ ሃስኬል ቢሮዬ መጥታ ነበር። "ስምንት ዓመት የተዉትን መብት ዛሬ ሰው ሲሞት አንስተው አይመዙትም" አለችኝ። "ሂድ ብሎ አሰማርቶ፣ ሲሰጥም ማን ሂድ አለህ ማለትን ሕጉ አይፈቅድም። ግን መርል ለሚስቱ 'ተፈቅዶልኛል' ብሎ መውጣቱ ብቻውን አይበቃኝም። የፈቀደው ሰው ራሱ ቀርቦ ይማል።" ይህን ስትል ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

ማክሰኞ ደግሞ አለቃዬ ከቦስተን ደወለ። ድምፁ ማር ነው። በወንድሜ ሞት አጽናናኝና ቀጥሎ፣ "በጽሑፍ የሰጠኸው ነገር የለም አይደል? ጎበዝ! እንግዲያው አልተባለም ማለት ነው። የሰማው እንደሆነ ሞቷል" አለኝ። ለባለቤቴም በስሟ ጠርቶ ሰላምታ ላከ። ስሟን መቼ እንደነገርኩት አላስታውስም። ፈራሁ እማዬ።

ቀብሩ ላይ "ልጄን በዚያ ባሕር ላይ የሰደደው ቀን አይውጣለት!" ስትይ ክንድሽን ደግፌ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። አሜን ብያለሁ። አንቺ የወደቡ ጠባቂ የሰደደው መስሎሽ እሱን ስትረግሚ ሰማሁ፣ ተውኩሽ።

ካምፓኒው በዚህ መንደር ያለው አፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

ሐሙስ ፍርድ ቤት እምላለሁ። ሥራዬስ ይቅር፣ እንጀራ ሌላም ቦታ ይገኛል። ከመጣሽ ግን ከኮሪን ጎን ተቀመጪ፤ ስናገር ወደ አንቺ ማየት አልችልም። ወይዘሮ ሃስኬል ያልጠየቀችኝ፣ ኮሪንም የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ከዳኛው በፊት አንቺ ስሚው። መርል ያን ዕለት ቀን ጨምርልኝ አላለም። መኪናዬን ሳቆም ጀልባዋን ጎትቶ ሊያወጣ ገመዱን አስሮ ነበር። ሳይጠይቀኝ "አንድ ሳምንት ምን አላት? ሂድ!" ያልኩት እኔ ነኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የመርልን ልጆች ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ ያሳይሽ። ለራሴ ምርቃት አልለምንሽም።

የቀረሽ ልጅሽ