ጂጂጋ ሲደርስ የሚቆመው ጨዋታ

ጂጂጋ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ትበላለህ? ለወጉ ያህል የምጠይቅህ እንዳይመስልህ፤ የሰማሁት ነገር ስላለ ነው፣ እደርስበታለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባቴም ስኳሩ አልፎ አልፎ እግሩን ቢያሳብጠውም ደህና ነው። እናትህን ሰሞኑን ገበያ አግኝቻት አቅፋ ሳመችኝ። ስለ አንተ እኔም አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም፤ ስለ ቲማቲም ዋጋ ብቻ ብዙ አወራን።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክህን ዘግተሃል ስለተባልኩ ነው። ማን ነገረሽ ትል ይሆናል። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደቀናሁ ልንገርህ፤ ያለዚያ ቀሪው አይገባህም።

ጌዲን ታስታውሰዋለህ፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ጎን ሞባይል የሚጠግነውን፣ የልጆች አባት ሆኖ ጌም ፊት ሲቀመጥ ልጆቹን የሚረሳውን። በሚያዝያ አንድ ቀን በሩጫ ገባና «አባዮ፣ እህቴ፣ ሰውዬሽ የሠራው ጌም ወጣ!» አለኝ። «ሰውዬዬ አይደለም» አልኩት። አልሰማኝም፤ የሱቄ ኮምፒውተር ላይ መጫን ጀምሯል።

«የአይሻ መንገድ» ይላል። ጭነት የያዘ መኪና ከአይሻ ተነስቶ ሀርሺን እስኪደርስ ነው ነገሩ። ጌዲ ነዳ። ድሬዳዋ መውጫ ላይ አንድ ግመል አየር ላይ ቆሞ ሣር ያላምጣል። ትንሽ እንደሄደ መኪናው አስፋልቱን አልፎ ወደ ታች ሰመጠና እንደገና ከአይሻ ተነሳ። ካራማራን ወጥቶ ጂጂጋ ሲገባ ደግሞ ሁሉ ነገር መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ድምፁ ተቆራረጠ፣ የኮምፒውተሬ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ፣ ከዚያ ቀጥ። ስክሪኑ ጠቆረ። ጌዲ ሲያበራው የነዳው መንገድ ሁሉ ጠፍቷል። በሶማሊኛ የተሳደበውን እዚህ አልጽፈውም።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ከእኔ የወሰደህ ነገር ጂጂጋ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኔ እያየ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ ወደቀ። እንዴት ደስ አይለኝ?

ደስታዬ ግን አልቆየም። ጌዲ ተጫዋቾች ቅሬታ የሚጽፉበትን የቴሌግራም ግሩፕ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ እሱን ነበር የማነበው። አንዱ «ኮምፒውተሬ አዲስ ነው፣ አሮጌው ጨዋታችሁ ነው» ይላል። ሌላው «ሳትጨርሱት ለምን አወጣችሁት?» ይላል። አንድ የአዳማ ሰው ጭነቱን ሀርሺን አድርሶ ሊያራግፍ ሲል ጨዋታው ራሱን በራሱ ዘጋበትና «ሚስቴ ፊት አለቀስኩ» ብሎ ጻፈ። ከእያንዳንዱ ቅሬታ ሥር ደግሞ የአንተ ስም፣ የአንተ ፎቶ፣ የአንተ መልስ። «ወንድሜ፣ በጣም ይቅርታ። መቼ እንደቆመብህ፣ ከመቆሙ በፊት ምን ስታደርግ እንደነበር ንገረኝ። እስኪስተካከል አብሬህ ነኝ።»

ለአዳማው ሰው! ስምህን እንኳ በትክክል ለማይጽፈው!

እኔን ነገራችን ከመቆሙ በፊት ምን ሳደርግ እንደነበር ማን ጠየቀኝ? አዲስ አበባ የገባህ ሰሞን በየቀኑ ትደውል ነበር። ቀጥሎ ጁምዓ ጁምዓ ሆነ። ቀጥሎ «ጨዋታው እስኪወጣ ታገሺኝ» አልክ፤ ታገስኩ። «ልጠብቅህ ወይስ ይቅር?» ብዬ የጻፍኩልህን አንብበኸዋል፤ ማንበብህ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ነገራችንን ያፈረሱት እምቢ ብለህ መሰለህ? ምንም ስላላልክ ነው። አጎትህ አንገቱን ደፍቶ ከቤታችን ሲወጣ በመስኮት አይቼዋለሁ። ያን ያህል መልስ ሆድህ ውስጥ ኖሮ ለእኔ አንዲት ቃል መንፈግህ አንገበገበኝ።

በንዴት «ጃማ ከቀብሪበያ» የሚል አካውንት ከፈትኩና ጻፍኩ። «ጨዋታችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ሊዘጋ ከሆነ ልዘጋ ነው ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት? ሰው እኮ ይደርሳል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነው የሚነሳው።»

መልሱ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ መጣ። «ወንድም ጃማ፣ ልክ ነህ። ብዙ የደከምክበት ነገር ምንም ሳይነግርህ ሲጠፋ እንዴት እንደሚያስከፋ ይገባኛል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንተ ያበላሸኸው ነገር የለም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ደንበኛ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ፊቴ ቆሟል፣ እኔ ዓይኔን በሻሼ ጫፍ እጠርጋለሁ። «አቧራው ነው» አልኩት። «ጂጂጋ አቧራ አያጣትም» አለኝ ሰውየው፣ ደግ ስለሆነ።

ከዚያ ተለማመድን። ጃማ ያማርራል፣ አንተ ትመልሳለህ። ቀብሪበያ ዝናብ ጣለ ወይ ብለህ ጠየቅከው። «ብስጭትህ ደስ ይላል፣ ከልብ ነው» አልከው። ትስቃለህ፣ እኔ ግን በጃማም ቀናሁ። በገዛ እጄ የፈጠርኩት ሰው የእኔን ቦታ ወሰደብኝ።

ተጫዋቾቹ በበኩላቸው ጂጂጋ ላይ ጨዋታውን የሚያቆመውን ነገር ፈልገው አገኙት። ሹፌሩ ከተማው ሲገባ የጭነት ወረቀቱን ማህተም የሚያስመታባት አንዲት ሴት አለች አሉ። የሻሿ ክር አንድ በአንድ በነፋስ ይነቃነቃል፤ ጣቷ ላይ የተነካካው ቀለም ሳይቀር ተሠርቷል፤ እሷ ላይ የተደከመው ከተማው ሁሉ ላይ ከተደከመው ይበልጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚታነቀው እሷን መሸከም አቅቶት ነው አሉ። «አውጧት!»፣ «ቀንሷት!»፣ «ለአንዲት ሴትዮ ብላችሁ ይህን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ታስቀራላችሁ?» የሚል ጎረፈ። ለሌላው ሁሉ መልስ የነበረህ ሰው ለዚህ ግን «እያየነው ነው» ብቻ ሆነ መልስህ።

እኔ ፊቷን አላየሁም። የሱቄ ኮምፒውተር እሷ ጋ ሳይደርስ ይጠቁራል። ግን ማን እንደሆነች አውቃለሁ ብዬ ወሰንኩ። ጨዋታው በወጣ ቀን ከአንተ ጎን ቆማ ፎቶ የተነሳችውን፣ ከሥሩ «ፌኔት፣ የሥራ ባልደረባ» የተባለላትን፣ ያቺን ጥርሷ የሚያምረውን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳኋትም። እሷ ናት አልኩ። ክር በክር የሠራኸው እሷን ነው። የዚያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ ለጃማ መልእክት መጣ። እንደ እሱ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ ማስተካከያ መሞከር እንፈልጋለን፣ በዚህ ቁጥር ደውልልን ይላል። እኔ ጃማ ሆኜ መደወል አልችልም። ጌዲን ለመንኩት። ድምፁን አወፍሮ፣ ስልኩን ክፍት አድርጎ፣ «ሄሎ፣ ጃማ ነኝ» አለ።

«ጃማ! አቦ፣ በመጨረሻ ድምፅህን ሰማን!» አለች አንዲት ሴት። የሐረር ልጅ መሆኗ በአንድ ቃል ይታወቃል።

ጌዲ «ሲጽፍልኝ የነበረውን አገናኚኝ» አላት።

«ስጽፍልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፌኔት እባላለሁ» አለችው።

ስልኩን ከጌዲ እጅ ነጠቅኩ። «ሁሉንም?» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የጃማ እህት።»

«ሁሉንም» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። ጨዋታው በወጣበት ሳምንት ስድቡን አንድ በአንድ ስታነብ እንደከረምክ፣ ምግብ እንደተውክ፣ ስልክህን ዘግተህ ከቢሮው ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርደህ እንደተቀመጥክ፣ ለቤተሰብ እንዳትናገር እንዳስማልካት። «ጥሎን ሸሸ እንዳይባል ስሙን ተውሼ እመልሳለሁ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ደክሟል። እኔም ያ ሁሉ «ይገባኛል» የአንተ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። የጠላኋት ሴት ናት «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ያለችኝ። በምን አፌ ልጥላት? ግን ቅናት ምክንያት አይሰማም፣ ጠየቅኳት።

«ጂጂጋ ያለችው ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

ሳቀች። «እኔ? እኔማ አቦ እሷን ላስወጣ ስንቴ ተጣላሁ! የግመሎቹን ፀጉር ቀነስን፣ የአይሻን ሐዲድ ቀነስን፣ እሷን እንንካ ሲባል ግን ጨዋታው ይቁም አለ። ይቁም! ማናት ስለው ሰው አይደለችም ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀንቼባታለሁ።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ስለሆናችሁ ልጠይቅሽ። ማህተም ከመታች በኋላ ቀለሙን እፍ የምትል፣ ስታስብ ደግሞ የመነጽሯን ዘንግ የምትነክስ ሴት ታውቂያለሽ?»

መነጽሬን ከአፌ አወጣሁና «ጂጂጋ ትልቅ ከተማ ናት» አልኳት።

በማግስቱ ጌዲ ጠንካራ ኮምፒውተር ወዳለበት ጌም ቤት ወሰደኝ። መኪናው ካራማራን ወረደ፣ ከተማው ገባ፣ ተንቀረፈፈ፣ ግን አልጠቆረም። አየኋት። ጌዲ ስክሪኑን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። ያ አፉ የማያርፍ ሰው «ሻይ ላምጣልሽ» ብሎ ወጣ፤ ብዙ ቆየ።

ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ቀናሁ። ከአዳማው ሰው፣ ከጃማ፣ ከፌኔት ይልቅ በእሷ ቀናሁ። ሹፌሩ ሲመጣ ትስቃለች፣ ሲሄድም ትስቃለች። መቼ ትመለሳለህ አትለውም። እግሩ የሚያብጥ አባት የላትም፣ ደጇ ሽማግሌ አይመጣም፣ ዕድሜዋ አይጨምርም። እኔ እዚህ ስልኬን ዓይን ዓይኑን ሳይ፣ አንተ እዚያ ለእሷ ሻሽ ትፈትል ነበር! ለዚያ ሁሉ ክር ጊዜ ያገኘህ ሰው፣ ለአንድ መስመር መልስ ጊዜ አጣህ? ደግሞ መልኳን አሳምረኸዋል። አፍንጫዬ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም።

አሁንም እቀናባታለሁ። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ልክ ናቸው፣ አውጣት። ሻሿ አሳዝኖህ ሰው መንገድ ላይ አይቁም። ሹፌሮቹ ይለፉ፣ ሀርሺን ይድረሱ፣ የአዳማው ሰውም ጭነቱን ያራግፍ። ከዚያ ወዲያ አንተም ከዚያ ክፍል ትወጣለህ። የተሰደበው ሥራህ እንጂ አንተ አይደለህም፤ ይህን ፌኔት ለጃማ የነገረችው በተሻለ ቃል ነው፣ ጠይቃት።

ሌላም የምነግርህ አለ። አብሽር የሚባል የሀርሺን የከብት ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኛል። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ። ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባቴ የእኔን ቃል እየጠበቀ ነው። እሺ አላልኩም፣ አይሆንምም አላልኩም። «አክስቴን ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ አድርሼ ልመለስ» አልኩት። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝና «ዓይኗ እኮ ባለፈው ተሽሏታል» አለ፤ ቀጥሎ ግን «ሂጂ» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ፌኔት ሳትከፍተው እጅህ ላይ ታኖርልኛለች። ጃማ እህት እንደሌለው ደውዬ ነግሬያታለሁ። «ትናንት ስልኩን ስትዘጊው ገብቶኛል» አለችኝ፤ የቢሮውንም አድራሻ ሰጠችኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ጥርሷም በፎቶ ላይ ያምራል፣ አልዋሽም።

አላህ ልብህን ያሳርፍልህ። እንጀራህን ያስበላህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ። የሰው አፍ ያስጨነቀህን ያህል የሰው ዱዓ ያጽናናህ፤ የእናትህ አለ፣ የእኔም አለበት። ስንጣላ በሶማሊኛ፣ ስንታረቅ በአማርኛ ነበር የምናወራው፤ በየትኛው እንደጻፍኩልህ አንተው እይ።

ከአክስቴ ጋር ሰኞ እንገባለን፣ ማክሰኞ እመጣለሁ። በር ስመታ ፌኔት እንዳትከፍትልኝ። አንተ ራስህ ተነስተህ ክፈት።

እጮኛህ የነበርኩት