ወይዘሮ ሙሉእመቤት ብርሃኔና የአሰንዳቦ የዱር ሩዝ

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ብርሃኔ ከአባታቸው ከአቶ ብርሃኔ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበራሽ ደስታ በ1941 ዓ.ም. በጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በ1961 ዓ.ም. በእርሻ ሙያ ተመረቁ። በ1963 ዓ.ም. ከገበሬው ከአቶ ነጋሳ ገመቹ ጋር ጋብቻ መሥርተው አሰንዳቦ ኖሩ፤ ልጃቸውን ሶረቲንም ወለዱ። እልኸኛ ነበሩ፤ ታናሽ እህታቸው ነኝና አውቃለሁ።

በእርሻ ባለሙያነት ሥራቸው ልባቸውን የወሰደው በአሰንዳቦው ረግረግ ውስጥ የሚበቅለው የዱር ሩዝ ነበር። ውሃው ከፍ ሲል አገዳው አብሮ ይረዝማል፤ ውስጡ ክፍት በሆነው አገዳ አየር ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ውሃው ሲሸሽም ሥሩ ጭቃ ውስጥ ይከርማል። ፍሬው ግን እንደበሰለ ወዲያው ውሃው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ የሠፈሩ ሰው ፍሬ የያዘውን ዛላ ገና ሳይበስል ሰብሰብ እያደረገ ከችካል ጋር ያስረዋል፤ ውሃው በጨመረ ቁጥርም ማሰሪያውን ወደ ላይ ያነሣል። ካልተነሣ ዛላው ይሰጥማል።

በ1977 ዓ.ም. በቆሎው ስላልያዘ የብዙ ቤት ተስፋ ይኸው ሩዝ ሆነ። ነሐሴ ላይ አቶ ነጋሳ ችካል ሲተክሉ ታዩ። ለፀረ አብዮተኞች የቆመ ምልክት ነው ተብሎ ተያዙ፤ ረግረጉም በጥበቃ ተዘጋ። ወዲያው ዝናቡ በረታ። ዛላው በውሃ ሲዋጥ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ያያል፤ የሚገባ ግን ጠፋ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሶረቲን ያን ክረምት አብሬያቸው ለነበርኩት ለእኔ አደራ ሰጥተው ገቡ። ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባብሎ እንዲወጡ አዘዘ።

«ባሌን ወስዳችኋል፤ ይሄ ደግሞ የልጆች እራት ነው። ማሰሪያውን ሳላነሣ አልወጣም» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኩልሱም «ቢስሚላሂ፤ ሙሉዬ ብቻዋን አትሞትም» ብለው ተከተሏቸው፤ ከዚያ ሌላውም ገባ። ጠባቂው አልተኮሰም። ጥቅምት ላይ ፍሬው ተሰብስቦ ሠፈሩ ያን ክፉ ጊዜ አለፈ።

አቶ ነጋሳ ግን አልተመለሱም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት በየቢሮው ደጅ ጠኑ፤ ያሉበትን የነገራቸው የለም። በየክረምቱ ግን የባላቸውን ችካል ራሳቸው ይተክሉ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ጅማ ሲታከሙ ቆይተው ጥር 16 ቀን 1982 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው ልጃቸው ሶረቲ፣ እህታቸው እኔ የኔነሽና ባለቤታቸው አቶ ነጋሳ ገመቹ አሉ።

የአቶ ነጋሳን ስም ከዚህ የሕይወት ታሪክ እንዳወጣው ተመክሬ ነበር። ሞተዋል ያለን ሰው ስለሌለ አላወጣሁትም።

እግዚአብሔር የእህቴን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አቶ ነጋሳንም ካሉበት ያምጣልን።