ስለ ፈረስ እግር የፈሩት የአቶ ኃይለልዑል ጸጋዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኃይለልዑል ጸጋዬ ከአባታቸው ከባልደራስ ጸጋዬ ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥት አየለ፣ በጥር ወር 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌ ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው የፈረሰኛ ፖሊስ ጋጣ ኃላፊ ስለነበሩ፣ ሕፃኑ ኃይለልዑል ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የፈረስ እግር መዳበስ ተማሩ። ባልደራስ ጸጋዬ ለልጆቻቸው ያወረሱት ሥርዓት አንድ ነበር። ወደ ፈረስ የሚቀርብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እጁን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ የሚዳብሰውም በመዳፉ ሳይሆን በእጁ ጀርባ ነው። መዳፍን ሥራ ያደነዝዘዋልና በጅማት ውስጥ የተደበቀ ትኩሳት አይታወቀውም።

ይህን ታሪክ የጻፈው ታላቅ ወንድማቸው ልሳነወርቅ ጸጋዬ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊናገር ይወዳል። አቶ ኃይለልዑል ፈሪ ሰው ነበሩ። በለቅሶ ላይ ሟችን ደፋር ብሎ ማመስገን የተለመደ ነው። የእሳቸው ፍርሃት ሳይነገር ከቀረ ግን ቀጥሎ የሚነበበው ሁሉ ፍሬ አይኖረውም።

በሠፈራቸው በነበረው የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደገሙ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1963 ዓ.ም. በአባታቸው ጋጣ ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተናኘ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሰርካለምንና ያሬድን ወለዱ። በታኅሣሥ ወር 1994 ዓ.ም. የዲቪ ዕድል ወጥቶላቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አሜሪካ መጡና በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ኖሩ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናት በዚህ ሀገር አቆጣጠር ተጽፈዋል።

መጀመሪያ የሠሩት በፓርኪንግ ነበር። በ2003 በሜሪላንድ ባለ አንድ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ ከሩጫ የተመለሱ ፈረሶችን እያዞሩ የማብረድ ሥራ አገኙ። ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ራሳቸው የሚንከባከቧቸው ፈረሶች ተሰጧቸው። ማጠብ፣ መቀለብ፣ እግር መጠቅለል፣ በውድድር ቀንም ፈረሱን እየሳቡ እስከ ጋላቢው ድረስ ማድረስ የእሳቸው ድርሻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሜዳው እየሞተ ነበር። ላሸነፈ ፈረስ ባለቤት የሚከፈለው ሽልማት የሚገኘው ተመልካቹ በፈረስ ላይ ከሚያስይዘው ገንዘብ ነበር፤ ተመልካቹ ግን አርጅቶ እያለቀ ሄደ። በጎረቤት ግዛቶች በዌስት ቨርጂኒያና በዴላዌር ከቁማር ማሽን ገቢ ላይ እየተቆረጠ በሽልማቱ ላይ ይጨመር ስለነበር ደኅና ደኅናው ፈረስ እየተጫነ ወደዚያ ሄደ። ጋጣዎች ባዶ ቀሩ። በእያንዳንዱ ሰኞ አንድ ጓደኛቸው ተሰናብቶ ይጠብቃቸው ነበር። እሳቸውም የወይዘሮ ተናኘ የሕክምና ኢንሹራንስ በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ እንቅልፍ አጡ።

በ2008 የሜሪላንድ ሕዝብ የቁማር ማሽን ይግባ ወይስ አይግባ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ አዲስ ዜጋ የነበሩት አቶ ኃይለልዑል ይግባ ብለው መረጡ። ወይዘሮ ተናኘ ይህን ሰምተው፣ «አንተ ሰው፣ ቁማር ኃጢአት ነው ሲባል እየሰማህ የምርጫ ወረቀቱን ምን ላይ ነው ያጠቆርከው?» ቢሏቸው፣ «ጋጣው ላይ ነው» ብለው መለሱ።

ካዚኖዎቹ ተከፈቱ፤ ሽልማቱም አደገ። ያ ገንዘብ በረከት አልነበረውም ማለት ግፍ ይሆናል። የተሰደዱ ፈረሶች ተመለሱ፣ ሥራ የፈቱ ሰዎች ተቀጠሩ፣ ሰርካለምም ኮሌጅ የጨረሰችው በዚያ ደመወዝ ነው። ነገር ግን ሽልማቱ ያደገውን ያህል ፈረሱ አልተሻለም። ጥሩ ፈረስ ማርባት ዓመታት ይፈጃል፤ ማሽኑ ግን በየዕለቱ ይከፍላል። ስለዚህ ያው ፈረስ፣ በዚያው ባረጀ እግሩ፣ እጥፍ ለሆነ ገንዘብ ይሮጥ ጀመር። ፈረሱ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ በአንድ ቀን የሚያሸንፈው ስለበለጠ፣ እግሩ እስኪድን መስክ ላይ ይረፍ የሚል ባለቤት ጠፋ። አቶ ኃይለልዑል ይህን ዘመን «ከፈረሱ ኮርቻው የከበደበት» ይሉት ነበር።

በ2013 መኸር ከእሳቸው ጋጣ አጠገብ ካለ ጋጣ የወጣ ፈረስ በሩጫ መካከል የፊት እግሩ ተሰብሮ ወደቀ። ፈረሱ እዚያው ሞተ፤ ጋላቢውም ዳግመኛ አልተራመደም። አቶ ኃይለልዑል ጠዋት ያንን ፈረስ ያለፉት እግሩን ሳይዳብሱ ነበር፤ የእሳቸው አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ በውድድር ቀን እህል አይወርድላቸውም፤ የሌላውን ሰው ፈረስ እግር ሳይቀር ካልዳበሱ አያልፉም ነበር። ቤትም ገብተው የልጅ ልጃቸው ኤፍራታ ከእግር ኳስ ስትመለስ ቅልጥሟን በእጃቸው ጀርባ ይዳብሱ ነበር። ሕፃኗ የምትስቀው የአያቷ ጨዋታ መስሏት ነው።

በ2014 መጀመሪያ በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የታክሲ ሾፌሮች እቁብ አንድ ፈረስ ገዛ። በአንዳንድ ውድድር የሚሮጥ ፈረስ ሁሉ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበ ነው፤ የሚፈልግ ሰው ከሩጫው በፊት ያስመዘግባል፣ ሩጫው ሲያልቅ ፈረሱ ቢቆምም ቢያነክስም የእሱ ይሆናል። የእቁቡ ዳኛ አቶ ሙላቱ በካዚኖ ብዙ ያስበሉ ሰው ነበሩና፣ «ማሽኑ የበላኝን ፈረሱ ያስተፋዋል» እያሉ ያስቁ ነበር። ፈረሱን አባ ድረስ ብለው ሰየሙት። አቶ ኃይለልዑል የሚሠሩበት ጋጣም ገባ፤ ተንከባካቢውም እሳቸው ሆኑ።

ሾፌሮቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በዚያ ሜዳ ከእኛ ሰው በቀር የሚያደርገው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን፣ በማይክ፣ ስለት ተሳሉ። አባ ድረስ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ቀን ሮጦ ካሸነፈ ለመቅደሱ መጋረጃ ሊያገቡ ቃል ገቡ፤ ምእመናኑም እልል አሉ። አቶ ኃይለልዑል ግን ያን ቀን ከሰው መካከል ቆመው እልል አላሉም። ስለት በቀን ተቆርጧል፤ የፈረስ እግር ግን ቀን አያውቅም።

ሚያዝያ 23 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 1 ቀን 2014፣ ጠዋት የፈረሱን የግራ የፊት እግር ሲዳብሱ ትኩሳት አገኙ። ለአሠልጣኙ ነገሩት። ውድድሩ ፈረሱ ለሽያጭ የሚቀርብበት ነበርና አሠልጣኙ በበረዶ እንዲያቀዘቅዙት አዘዘ፤ «ዛሬ ሰው ከገዛው ነገ የኛ ራስ ምታት አይደለም» አላቸው። የሜዳው ሐኪም ለምርመራ ሲመጡ እግሩ ቀዝቅዞ ስለነበር ፈረሱ ምርመራውን አለፈ። አቶ ኃይለልዑል ለአቶ ሙላቱ ደወሉ።

«ሙላቱ፣ ልጄ፣ እግሩ ግሏል። ተው ይቅር።»

«ጋሼ፣ በማይክ ተነግሯል እኮ! ካህናቱ አሜን ብለዋል። አሁን ለጊዮርጊስ ኮል አድርጌ ፈረሱ ታሟል ልበለው?»

«ሰው ይወድቃል ነው የምልህ።»

«እርስዎ ደግሞ መፍራት ይወዳሉ፤ ይልቅ በደንብ ያጥቡት፤ ፎቶ እንነሣለን።»

ከቀትር በኋላ የእቁቡ አባላት ከቅዳሴ እንደወጡ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ በአጥሩ ዙሪያ ተሰለፉ። ጋላቢው ሩበን የሚባል የፓናማ ተወላጅ ወጣት ነበር። አቶ ኃይለልዑል ፈረሱን እየሳቡ እስከ እሱ አደረሱት። በዚያች ቦታ ገመዱን ለቀው ወደ ኋላ ማለት ነበረባቸው። ካልለቀቁ ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ፤ ሥራውን፣ የባለቤታቸውን ሕክምና፣ የወገንን ፊት። ከገመዱ ሌላ በእጃቸው ምንም አልነበረም። ገመዱን በክንዳቸው ላይ ጠምጥመው መሬት ላይ ተቀመጡ።

አሠልጣኙ ጮኸባቸው። ከአጥሩ ማዶ አንዱ፣ «ፈረሱ ቆሞ ባልደራሱ ተቀመጠ!» ሲል ሰው ሳቀ። ሐኪሙ መጥተው ምን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው፣ አሥር ዓመት የሠሩበት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋቸው። የወጣቸው ቃል አንድ ብቻ ነበር። «አይ አም አፍሬድ» አሉ፤ ፈርቻለሁ ማለት ነው። ሐኪሙ እሳቸውን ጥቂት ካዩ በኋላ ጎንበስ ብለው እግሩን ያዙ። በረዶው ለቆታል፤ ትኩሳቱ ተመልሷል። ፈረሱን በሶምሶማ አስኪደው ሲያዩት በእያንዳንዱ እርምጃ ራሱን እየነቀነቀ ያነክሳል። ከውድድሩ ወጣ። ኋላ እግሩ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ቢሮጥ ኖሮ የሚሰበር ነበር።

አቶ ኃይለልዑል በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበቱ። ስለት አስበሉን ተብለው ከሁለት ዓመት በላይ ከእቁቡ ሰው ሰላምታ ተነፈጉ። ወደ አሌክሳንድሪያ ወደ ልጃቸው ወደ ያሬድ ቀርበው በአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ሠሩ። አባ ድረስ ለአንዲት የቨርጂኒያ ባለ መስክ በነጻ ተሰጥቶ ዛሬም አለ። በ2016 አቶ ሙላቱ መጋረጃውን ብቻቸውን ገዝተው አገቡ። ፈረሱ መቼ አሸነፈና ሲባሉ፣ «ስለቱ ሰምሯል፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት» ብለው መለሱ። በዚያው ቀን አቶ ኃይለልዑል ቤት መጥተው ጉልበታቸውን ሳሙ።

ፍርሃታቸው ግን በዚያ አላበቃም። ማሽኑ አልቆመም፤ ሽልማቱም አልቀነሰም። በየቅዳሜው፣ «ዛሬ ማን ወደቀ?» ብለው ሳይጠይቁ አይውሉም ነበር። በ2018 የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜም ስለ ራሳቸው ከመጠየቃቸው በፊት ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። ቤተሰቡም ውጤቱን ሳያይ፣ «ማንም አልወደቀም» ይላቸው ነበር። ያመኑ አይመስሉም ነበር። ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ሰዓትም በአንዱ ሜዳ እግሩ የጋለ ፈረስ እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚጽፈው ወንድማቸውም ያን ፍርሃት ወርሷል።

አቶ ኃይለልዑል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማለትም ኖቬምበር 14 ቀን 2019፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘ፣ ልጆቻቸው ሰርካለምና ያሬድ፣ የልጅ ልጃቸው ኤፍራታ፣ ታላቅ ወንድማቸው ልሳነወርቅም በሐዘን ቀርተዋል። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል በፊት በግራ በኩል ያለው ሩበን ነው። ትናንት ከፓናማ የገቡት እናቱም በመካከላችን ተቀምጠዋል።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። አቶ ኃይለልዑል ፈርተው ለሌላ እናት ልጇን መለሱላት። የፈሩትን የማይጥል አምላክ፣ መሬት ላይ የተቀመጡትን አገልጋዩን አንሥቶ፣ የሚወድቅ በሌለበት መስክ ያሳርፍልን። አሜን።