ጃኔል የተቀመጠችበት ወንበር

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ
በረዶ። ጠዋት ሁለት የውሻ ማሳደጊያ ፈቃድ ሰጠሁ፣ አንድ የሞት የምስክር ወረቀት። ከሰዓት የቋቱ ስብሰባ። አሥራ አንድ ትንንሽ ከተሞች ነን። ከኩባንያ ኢንሹራንስ መግዛት አቅቶን መዋጯችንን አንድ ቋት ውስጥ አድርገን የሠራተኞቻችንን ሕክምና ራሳችን እንከፍላለን። ሐሳቡ የማን ነበር? የኔ። አራት ዓመት ሙሉ ከተማ ለከተማ ዞሮ የለመነው ማን ነው? ሰብሳቢ አድርገው የመረጡት ግን ጃኔልን። እንደኔ የከተማ ጸሐፊ ናት፣ የጎረቤታችን። ያውም ወደ ቋቱ አምና የገባች። አጨበጨብኩ... ምን ላድርግ?

ጃንዋሪ 17
ጋዜጣ ላይ ወጥታለች። «የቋቱ እናት» ይላል። እናት! እኔ አማጥኩ፣ እሷ ታቅፋ ፎቶ ተነሳች።
«ተይው እንጂ ዶሪን» አለ ባሌ ኤልደን፣ እንቁላል እየጠበሰ።
«ምኑን ነው የምተወው?»
«ይሄን ፊትሽን።»

ፌብሩዋሪ 4
ጃኔል ደወለች። ዌስት ሆሎ ቋቱ ውስጥ ሊገባ ይፈልጋል። ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው መንደር። አንዱ ሮይስ ነው፣ በረዶ ጠራጊው። የደም ካንሰር ይዞታል። በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ይሄዳል። ኩባንያው ዋጋ ሰቅሎባቸው ከሜይ በኋላ ኢንሹራንስ የላቸውም።
«ዶሪዬ፣ አንቺ ከደገፍሽኝ ሌሎቹ ይከተላሉ።»
ዶሪዬ! መቼ ነው እንዲህ የተቀራረብነው?

ፌብሩዋሪ 11
ተቃወምኩ። ቆሜ፣ ወረቀት ይዤ። «ቋታችን ገና ልጅ ነው። አንድ ከባድ በሽተኛ ያናጋዋል» አልኩ። ለማለፍ አንድ ድምፅ ጎደላት። ፊቷ ቀላ። እኔ... ደስ አለኝ። መኪና ውስጥ ዘፈንኩ። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ፌብሩዋሪ 20
ሮይስ መጣ፣ የውሻውን ፈቃድ ሊያሳድስ፤ ቤቱ እኛ ከተማ ነው። ከስቷል። ኮፍያውን አላወለቀም።
«አልሆነም አሉ» አለ።
«ማን ነገረህ?»
«ጃኔል ራሷ፣ ቤት ድረስ መጥታ። ማን ተቃወመ ብላት ‹ድምፁ አልሞላም› ብላ ዝም። ጨዋ ሴት ናት፣ አይደል?»
«ናት» አልኩ።
ስሜን ደብቃልኛለች። በዚህም በለጠችኝ!

ፌብሩዋሪ 23
ስሌቱን እንደገና አየሁት። ቋቱ ይችለዋል። ያን ቀንም ይችል ነበር። ያን ቀንም አውቅ ነበር...

ማርች 3
ጃኔል ቢሮ ሄድኩ። ተቀመጪ እንኳ አላለችኝም።
«የዌስት ሆሎን ጉዳይ እንደገና አቅርቢው» አልኳት።
«አልችልም። ደንቡን ረሳሽው እንዴ? ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። ውሳኔ ይከለስ ማለት የሚችለው የተቃወመ ሰው ብቻ ነው።»
«ምን ለወጠሽ ቢሉኝስ?»
«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «እኔን የመታሽ መስሎሽ ሮይስን ነው የመታሽው።»
ወጣሁ።

ማርች 11
ስብሰባው ላይ ቆምኩ። የዌስት ሆሎ ውሳኔ ይከለስ አልኩ።
«ባለፈው የነገርኳችሁ ስሌት አልነበረም። ቅናት ነበር።»
አንዱ ሳለ። አንድ ሽማግሌ ከንቲባ ከኋላ፣ «በማን?»
«በሰብሳቢያችን።»
ጃኔል ከወረቀቷ ቀና አላለችም። ዌስት ሆሎ ገባ። ሁለት ሰው ብቻ ተቃወመ።
ውጭ ደረሰችብኝ። ቁልፏን ይዛ፣ «ለሮይስ ማን ይንገረው?» አለች።
እኔ! ፊቱ ሲፈካ ማየት ፈልጌ ነበር። አፌን ከፍቼ... «አንቺ ንገሪው። ያኔም ክፉውን ይዘሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ።»
«እርግጠኛ ነሽ?»
«ሂጂ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»
ሳቀች። መኪናዋ እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት። ቀናሁ... አዎ፣ አሁንም። ግን ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ።