ሁለቴ የታጠበ እግር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሳይ ዋልኩ። ዳባት ውስጥ እንደ እኔ የማይጸየፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ላብራቶሪ እየሠሩ መጸየፍ አለ እንዴ?

የሺዋስ ከጎንደር ደወለ። ዓርብ ደባርቅ እንገናኝ፣ ቅዳሜ ተራራ እንውጣ፣ ገበሬ ቤት እንደር... አስጎብኚ ድርጅት ሊከፍት ስለሆነ ለገጹ ቪዲዮም ይፈልጋል። እናቴ አኮረፈች። "ሠርግ ሳይደገስ ምን የሚሉት ሽርሽር ነው?" ቀለበት አስሬያለሁ፣ ሠርጉም ጥር ላይ ነው አልኳት። "እሱን እንዳታበላሺ ነው የምፈራው። ሠላሳ ሦስት ዓመትሽ ነው።" ዕድሜዬን ሳትጠራ አትውልም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ደባርቅ ነኝ። አልጸየፍም ያልኩትን ልዋጥ። የሆቴሉ ሳሙና ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጥፏል። አንሶላው የሌላ ሰው የራስ ቅባት ይሸታል። ሽሮው ውስጥ ዝንብ ገብቶ ነበር... አስተናጋጇ በማንኪያ አወጣችና "አይዞሽ፣ ጾም አይሽርም" አለችኝ። የሺዋስ ሳቀ፣ ከዚያ የእኔንም ጠቅልሎ በላ።

ሲያኝክ አፉን አይገጥምም። ድሮም እንዲህ ነበር?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዳገቱን ወጣን። ጫማዬ በጭላዳ ኩስ ተለወሰ። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ግን ደመናው ከእኛ በታች ነበር። ደስ አለኝ። "ወደ ኋላ ተመልሰሽ እንደገና ነይ፣ ፈገግ በይ" አለኝ የሺዋስ ስልኩን ደግኖ። ሄድኩ፣ መጣሁ። "እንደገና።"

የምናድርበት ቤት ከፍየሎቹ ጋር አንድ ጣራ ነው። ሽንታቸው ዓይን ያቃጥላል። ጠላው ላይ የሚንሳፈፈውን ነገር አላየሁም ብዬ ጠጣሁ። መደቡ ላይ የተነጠፈው ቁርበት ቁንጫ በቁንጫ ነው።

ሌላም ነገር ሆኗል። አሁን መጻፍ አልችልም...

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ወርደናል። ደባርቅ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። እሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ይቆርጣል። እኔ እዚህ እጽፋለሁ።

ያሳደሩን እማማ ማዕረግ ይባላሉ፣ ባላቸው አባባ ቢራራ። ትናንት አመሻሹ ላይ እንደገባን እማማ ውኃ አሙቀው፣ ገበቴ ይዘው እግሬ ሥር በርከክ አሉ። እግሬን ሰበሰብኩ።

"ኧረ አይገባም እማማ፣ እኔው ልታጠብ።"

"በሞቴ! የእግዜር እንግዳ ዳገት ወጥቶ እግሩ ሳይታጠብ ይደር?"

"እንግዲያው ልጅዎ ነኝ፣ ይተዉኝ።"

"በሞቴ አልኩሽ እኮ ልጄ።"

ወጉ እንደዚህ ነው። እሳቸው ይለምናሉ፣ እንግዳው እግሩን ይሰበስባል፣ መጨረሻ ላይ እንደተሸነፈ ሰው ይዘረጋል። አጠቡኝ። ሲጨርሱ እግሬን ሳሙት። ጭላዳ ኩስ ሲረግጥ የዋለውን እግር... አፈርኩ፣ እጃቸውን ሳምኩ።

የሺዋስ ግን ገና ሳይለመን ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን ዘርግቶ ጠበቀ። አጠቡት፣ ሳሙት፣ ውኃውን ደጅ ደፉ። ይኼኔ ስልኩን አየ።

"እማማ፣ አልተቀዳም። ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።"

ያልገባቸው መሰለኝ። አባባ ቢራራን አዩ። አባባ መሬት መሬቱን ያያሉ። "የሺዋስ፣ ተው" አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት... ለምን ቀስ ብዬ? "ለእሳቸውም ጥሩ ነው፣ እንግዳ ይመጣላቸዋል" አለ። ስልኩን ጎታው ላይ አስደገፈ። ውኃ ከታች ከምንጭ ነው የሚቀዳው። እንስራው ውስጥ የቀረውን አሟጠጡና እንደገና አሞቁ። እንደገና በርከክ አሉ። ንጹሕ እግር አጠቡ። ሊስሙት ሲያጎነብሱ ደግሞ፣

"ሲስሙ ቀስ ብለው እማማ፣ ፊትዎ እንዲታይ።"

ቀስ ብለው ሳሙ። አባባ ቢራራ ተነሥተው ወጡ። እማማ ለመነሣት ጉልበታቸው እንቢ አለ፣ እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። እሱ ስልኩን እያየ ነበር። እኔ ነኝ ያነሣኋቸው። "ተባረኪ" አሉኝ። ለምኑ ነው የምባረከው? ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ ያየሁ ሰው።

ቁንጫው ምን አደረገኝ፣ ሽንቱስ ምን አደረገኝ... ከጎኔ ሲተነፍስ ነው ሌሊቱን ሙሉ የቀፈፈኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቪዲዮውን ለቀቀው። ከሥር ዋሽንት አስገብቶበታል፣ "የእናት ፍቅር" ብሎታል። የሥራ ባልደረቦቼ እየተቀባበሉ ያያሉ። "ታድለሽ፣ ባህሉን የሚወድ ባል!" ትለኛለች አንዷ። ደወልኩለት።

"አጥፋው።"

"ምን ሆነሻል? ሰው እኮ እያለቀሰ ነው የሚያየው።"

"ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን ሲዘረጉልህስ?"

"እሱንማ ቆርጬዋለሁ።"

እንዲህ ነው ያለው። ቆርጬዋለሁ። ያየ መስሎኝ አልነበረም እኮ... አይቶታል ማለት ነው። ቁጭ ብሎ፣ ደጋግሞ አይቶ፣ ቆርጦታል። ስልኩን ዘጋሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አላገባውም። እናቴ አልጋ ላይ ወጥታ ተኝታለች።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ሽማግሌዎቹ ከጎንደር መጡ። ፊት ለጋብቻ የጠየቁኝ ሦስቱ ራሳቸው ናቸው። ዋናው የሺዋስ አጎት ቄስ ገብረ ኪዳን፣ የአባቱ ታላቅ ወንድም። እናቴ ሐሙስ ነው ድግስ የጀመረችው፤ የተቆጣ ሽማግሌ በባዶ ሆዱ አይታረቅም አለች።

"መታሽ ልጄ?" አሉ ቄሱ።

"አልመታኝም አባ።"

"ሌላ ሴት ያዘ?"

"አልያዘም።"

"ታዲያ?"

ነገርኳቸው። ስናገረው ትንሽ ነገር ሆኖ ተሰማኝ። አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ አሉ። "ለዚህ ነው? ቪዲዮውን እኮ እኛም አይተነዋል፣ ደስ ይላል።" እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና በዓይኗ ገደለችኝ። ያኔ ልሸነፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቄስ ገብረ ኪዳን አልሳቁም።

"እግሩን አልሰበሰበም?"

"አልሰበሰበም አባ።"

"ሁለተኛ ሲያጥቡትም?"

"ራሱ ነው ይድገሙ ያላቸው።"

"ሲስሙትስ?"

"ቀስ ብለው አላቸው።"

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "እንሂድ" አሉ። ሌሎቹ ግራ ገባቸው። "ምኑን ተነጋገርንና? ገና ማዕዱም አልቀረበ።"

"እኔ ልጃችሁን ስጡን ብዬ በዚህ ደጅ ቆሜያለሁ" አሉ። "ሁለተኛ ግን አልለምንም። እኔም ብሆን ልጄን አልሰጠውም።"

እናቴ እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን መልሳ ጓዳ አስገባች። ቀለበቱን አወለቅኩና በሩ ላይ ለቄሱ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ ወጡ።